ወረቀቱ የማያሳያችሁ የሯጭ ደም

ጠጋ በሉማ። ይሄን ጮክ ብዬ አላወራውም።

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ገና ሳይነጋ ሽው ብለው የሚያልፏችሁን ሯጮች ታውቋቸዋላችሁ። እግራቸው መሬት የነካ አይመስልም። የነዚህን ልጆች ደም ብታዩት ምን ትጠብቃላችሁ? ወፍራም፣ በሄሞግሎቢን የታጨቀ? እኔ የምውለው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ከሩጫቸው በፊት የማውቀው ቱቧቸውን ነው። አንዳንዴ ሯጩን አጅቦ የመጣው ዘመድ ከሯጩ የተሻለ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

እንዴት ሆኖ? ቆዩኝ፣ እደርስበታለሁ።

ሐምራዊ ክዳን ካላት ቱቦ ትንሽ ደም በቀጭን የመስታወት ቀሰም እንስባለን፣ አንዱን ጫፍ እንደፍናለን፣ ማሽኑ ላይ እናሽከረክራለን። ደቂቃዎች ናቸው። ቀሰሟ ስትወጣ ደሙ ለሁለት ተከፍሏል፦ ከታች የተጠቀጠቀው ቀይ ሕዋስ፣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ። ጤነኛ ወንድ ላይ ቀዩ 45 በመቶ ገደማ ይይዛል። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ላይ ግን ቀዩ ዝቅ፣ ቢጫው ከፍ ብሎ ብታገኙት አይግረማችሁ። አዲስ የተቀጠረ ባለሙያ ይደነግጣል፤ "ደም ማነስ" ሊል ይዳዳዋል። ነባሮቹ ቀና ብለን አንዲት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ "ትሮጫለሽ እንዴ?"

ሚስጥሩ ይሄውላችሁ። ልምምድ ቀይ ሕዋስንም ፕላዝማንም ያበዛል፤ የሚቀድመው ግን ፕላዝማው ነው። እሱ በቀናት ውስጥ ይጨምራል፤ ቀዩ ሳምንታት ይፈልጋል። የከተማችንን ባጃጆች አስቡ። ባጃጁ በርክቷል፤ መንገዱ ግን ከባጃጁ በላይ ሰፋ። አንድ ጥግ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው "ባጃጅ ጠፋ" ብሎ ይምላል። የላብራቶሪው ወረቀት የሚቆጥረው እዚያች ጥግ ላይ ቆሞ ነው። የሯጩ አቅም ያለው ግን በከተማው ጠቅላላ ባጃጅ ነው፤ እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን አራት የኦክስጅን ሞለኪውል ይጭናልና። መንገዱ መስፋቱ ራሱ ሲሳይ ነው፦ የቀጠነ ደም ልብን አያስቸግርም። ዕረፍት ላይ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ የሚገፋው ልብ፣ ምርጥ ሯጮች ላይ ጥግ ሲነካ 35 ሊትር ሊደርስ ይችላል።

ሌላም ልጨምርላችሁ። ደሙ በዚህ ፍጥነት ሲነጉድ፣ ሳንባ ጋ የሚቆይባት ቅጽበት ታጥራለች። ስለዚህ አንዳንድ ምርጥ ሯጮች ላይ፣ ሩጫው ሲከር፣ ደሙ ኦክስጅኑን በሙላት ሳይጭን ያልፋል። ተራ ሰው ላይ ይሄ አይታይም። የሚታየው ልባቸው ከሳንባቸው በቀደመባቸው ላይ ነው!

ወደ ከፍታው እንምጣ። "ተራራ ደም ያበዛል" ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ይለቃል፣ መቅኒ ቀይ ሕዋስ ያመርታል። ይሁንና የኛ አገር ደገኛ ላይ ነገሩ ለየት ይላል። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። ይሄ ባሕር ጠረፍ ላይ የሚኖር ሰው ቁጥር ነው! የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው ይወፍራል፤ የቲቤቶቹ ሙሌት ይወርዳል። የኛዎቹ ሁለቱንም አላደረጉም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ደም መወፈር የጀግንነት ምልክት አለመሆኑን ከኛው ተራራ አስመስክረዋልና።

ታዲያ 1,700 ሜትር ላይ የተቀመጠችው ሀዋሳ ምን ትሠራለች? አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። የሀዋሳ ስጦታ ወፈር ያለ አየሯ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ እንጦጦ አናት ላይ በ30 በመቶ ገደማ። እዚያ ላይ ትንፋሽ ቶሎ ስለሚያጥር እግር የሚችለውን ፍጥነት አያወጣም። እዚህ ያወጣል። ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ የሠሩት ሯጮች 5,000 ሜትርን በ13 ሰከንድ ገደማ አሻሻሉ። ከላይ ኖረው ከላይ የሠሩት ግን ያን ያህል አልሆነላቸውም።

ለዚህ ደግሞ ሲዳማ ውስጥ ያለነው ሰዎች ሩቅ አገር መሄድ የለብንም። ይርጋለምንና አለታ ወንዶን አልፋችሁ ሀገረ ሰላም ስትደርሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁ። ሌሊት ብርድ ልብስ ደራርቦ የሚያድር፣ ለፍጥነት ልምምድ ሀዋሳ የሚወርድ ልጅ፣ ሌሎች በብዙ ገንዘብ የሚገዙትን ነገር ከመንደሩ ያገኘዋል። ይህ ነገር አለመታየቱ ያንገበግበኛል።

ሲወርዱ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ለተሰንበት ግደይን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያችን ኔዘርላንድስ፣ ሄንግሎ ላይ ተደረገ። ሲፋን ሀሰን እዚያው ከሁለት ቀን በፊት የሰበረችውን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ለተሰንበት 29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ በመግባት ወሰደችው። ደጋ የሠራውን ደም ቆላ ወርዶ መክፈት ማለት ይሄ ነው።

ስለ አቋራጩስ? አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አያወራውም። ኤሪትሮፖይቲኑን በመርፌ ማስገባት። ደሙ ይወፍራል፣ የመርጋት አደጋ ይመጣል፣ የልጅ ዕድሜ ይቀጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የአትሌቱ የደም ፓስፖርት የሚባል ነገር አለ፤ የአትሌቱን ደም የሚያወዳድረው ከራሱ ከአትሌቱ የቀድሞ ደም ጋር ነው። ስለዚህ ድንገት ያማረ ቁጥር ሲመጣ ጥያቄም አብሮ ይመጣል። "ደከመኝ፣ ግሉኮስ ትከሉልኝ" የምትሉም ስሙኝ፦ ለሕክምና ሆስፒታል ካልገባችሁ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ ለተወዳዳሪ ክልክል ነው። ብዙ ልጅ ይህን አያውቅም።

ሯጮቹ "ኮንዲሽን ጠፋብኝ" ሲሉ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብረትን ነው። ብረት ከሌለ ተራራው ለከንቱ ነው፤ መቅኒው በምን ይሠራል? አሞራ ገደል ወርዳችሁ ቆሮሶ ዓሣ በልታችሁ፣ ወዲያው ሻይ ከላይ ትደፉበታላችሁ። ሻይና ቡና በተለይ ከጤፉና ከምስሩ የምታገኙትን ብረት ያስሩታል። በሲዳማ ምድር ቡና ተዉ አልልም፤ ከምግቡ በአንድ ሰዓት አርቁት ነው የምለው።

እኛ ጋ ስትመጡም ሄሞግሎቢን ብቻ አታስጽፉ፤ የተቀመጠውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲንን አብራችሁ ጠይቁ። ከከባድ ልምምድ ማግሥት አትምጡ፣ ቁጥሩ ይዛባል። ውሃ ጠጥታችሁ ኑ። ሯጭ መሆናችሁንም ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ያን ጊዜ ወረቀታችሁን የሚያነበው ሰው ቢጫው ለምን ከፍ እንዳለ ይገባዋል።