የሩዝ አረምና መድኃኒቱ

በማሳው ላይ የአረም መርዝ ላለመርጨት የቆረጠ የሩዝ ገበሬ ትልቅ ትግል ይጠብቀዋል። አረም ሳይዘሩት ይበቅላል፤ ሳይጋብዙት ከሰብሉ ማዕድ ይቀርባል፤ ውሃውን፣ የፍጉን ኃይልና የፀሐዩን ብርሃን ይሻማል። ታዲያ ይህ ገበሬ ከጉልበቱ በቀር ምን መሣሪያ አለው? ብለን ብንጠይቅ፣ ዋነኞቹ ውሃና ጊዜ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ እንመልከት። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ይህ ምድር ከታወቁት የአገራችን የሩዝ ስፍራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ዘሩ በአብዛኛው በብተና ስለሚዘራ ሩዙና አረሙ እኩያ ሆነው ያድጋሉ። ከዚህም የተነሣ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በጭቃ ውስጥ አጎንብሰው ሲያርሙ ይውላሉ፤ ጉልበት ያነሰውም ወንፈል ይገባል። የዘገየ ግን ምርቱን ለአረም ይገብራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሩዝ መሳዩ ሣር ነው። ገና ለጋ ሳለ ከሩዝ ቡቃያ ለመለየት ያዳግታል። ሆኖም ምልክት አለው፤ ቅጠሉን ከአገዳው ፈልቀቅ አድርገው ሲያዩት ሩዝ በመገናኛው ላይ ስስ ነጭ ልሳን አለው፣ ያ ሣር ግን የለውም። ይህን የማያውቅ አራሚ ሰብሉን ነቅሎ ጠላቱን ያቆያል።

ስለ ውሃ የተናገርነውም በምክንያት ነው። የብዙ አረም ዘር አየር ካጣ አይበቅልም። ስለዚህ በመደብ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያደገ ችግኝ ወደ ማሳ ተዛውሮ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውሃ ሲተኛበት፣ ሩዙ ይቀድማል፤ አረሙ ይዘገያል። ይሁን እንጂ መሬቱ መስተካከል አለበት፤ ከውሃ በላይ በቀረው ጉብታ ላይ አረም ይነግሣልና። ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ደግሞ አስቀድሞ አርሶ፣ አረሙ በመጀመሪያው ዝናብ ሲበቅል መልሶ ገልብጦ መዝራት ይረዳል።

ከውሃው ለሚያመልጠው አረም ጃፓኖች ሌላ ዘዴ አላቸው። በመስመር በተተከለው ሩዝ መካከል በእጅ የሚገፋ ባለጥርስ መንኮራኩር ይነዳሉ። ታካኦ ፉሩኖ የተባሉት የፉኩኦካ ገበሬ ደግሞ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዳክዬ ጫጩቶችን በማሳቸው አሰማርተዋል። ጫጩቶቹ አረሙንና ተባዩን ይለቅማሉ፤ ጭቃውን ያደፈርሳሉ፤ ኩሳቸውም ፍግ ይሆናል። ሩዙ ሲያሸት ግን ፍሬውን እንዳይበሉ ይወጣሉ።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ነውና ከነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ትግሉም በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንቶች ገደማ ነው። ነገ ወደ ወረዳ የሚወርድ ወጣት ባለሙያ ገበሬውን «አረምህን ቶሎ ንቀል» ቢለው፣ ይህን ከአያቱ ሰምቶታል። መሬቱን አብሮ ቢያስተካክል፣ በመስመር ተክሎ መንኮራኩሩን ገፍቶ ቢያሳየው ግን ያን ጊዜ የእናትና የልጅ ወገብ ያርፋል።