የአፍደም ዳኛ ወንበር

«በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን አልቆምም የሚል ሹም የተገኘ እንደ ሆነ፥ እርሱን የሚያስቆመው የዳኛ ወንበር በምን ላይ ተተክሏል? አንባቢዎቻችንን ወደ አፍደም ይዘን ሄደን ይህን እንመልከት።

አፍደም ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፥ በአሮጌው የምድር ባቡር መሥመር ላይ የምትገኝ የሶማሌ ክልል ትንሽ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ የወረዳው ዳኛና የወረዳው አስተዳዳሪ በአንድ ሻይ ቤት መገናኘታቸው አይቀርም። አንድ ግመል አርቢ አስተዳደሩን ከስሶ ቢቀርብ፥ ዳኛው «ነገ ከወንበሬ ያነሡኝ ይሆን?» ሳይል እንዴት ይፈርዳል?

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት ይህን ዳኛ የሚሾመው አስተዳዳሪው ሳይሆን የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ዕጩውንም የሚያቀርበው የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ለክልሉ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ዳኞች ደግሞ የፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየት ይጠየቃል፤ እርሱ 3 ወር ዝም ካለ ምክር ቤቱ ሹመቱን መስጠት ይችላል። (ሦስት ወር ዝም ማለት ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።)

እኛን ግን ከአሿሿሙ ይልቅ አሻሻሩ ያሳስበናል። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዳኞችን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ዛሬ አንቀጽ 79 እንደሚለው ዳኛ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ የሚነሣው ጉባኤው በዲሲፕሊን ጥፋት፥ ጉልህ በሆነ የችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ሲወስንበትና ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቀው ነው። እንግዲህ አስተዳዳሪው ቢቈጣ ዳኛውን በስልክ ሊሽረው አይችልም።

ታዲያ ለምን ሕዝቡ ራሱ አይመርጠውም የሚል ተማሪ አይጠፋም። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች እንዲህ ይደረጋል። በካሊፎርኒያ ዳኛው ይቆይ ወይስ ይሂድ ተብሎ ድምፅ ይሰጣል፤ በ1979 ዓ.ም. የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሮዝ በርድ በሞት ቅጣት ጉዳዮች በሰጡት ፍርድ ሕዝቡ ተቈጥቶ በድምፅ አስወገዳቸው። ድምፅ እየቈጠረ የሚፈርድ ዳኛ ብዙኃኑ ለጠሉት ተከሳሽ ምን ይሆንለታል? እኛ ይህን አንመኝም።

ሆኖም የአፍደም ሰው ፈራጁን ማወቅ መፈለጉ እውነት ነው። በዚያ አገር የኢሳ ሶማሌዎች «ሔር ኢሴ» የሚሉት፥ ዩኔስኮ በ2017 ዓ.ም. በቅርስነት የመዘገበው ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፤ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይዳኙበታል። ሕገ መንግሥቱም በግልና በቤተ ሰብ ክርክር፥ ባለ ጉዳዮቹ ከፈቀዱ፥ በባህል ሕግ መዳኘትን አይከለክልም። አስተዳደሩን የሚከስሰው ግመል አርቢ ግን ዛፉን አልፎ፥ ጅጅጋ ወደ ሾመችው ዳኛ መሄዱ ግድ ነው።