ያውቁ ኖሯል? በጥላ እምብርት የሚበራው ነጥብ

እ.ኤ.አ. በ1818 የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው የሽልማት ውድድር፣ ብርሃን ሞገድ ነው ብሎ የተነሣው ወጣቱ መሐንዲስ ፍሬኔል ድርሳኑን ባቀረበ ጊዜ፣ ከዳኞቹ አንዱ የነበረውና ብርሃንን የደቂቅ ቅንጣቶች ፍሰት ነው ብሎ የሚያምነው የሒሳብ ሊቅ ፑዋሶን፣ በዚያው ድርሳን ስሌት ተመርቶ፣ እንዲህ ከሆነማ በክብ ዝርግ ነገር ጥላ መካከል ብሩህ ነጥብ ሊታይ ነው በማለት የነገሩን ከንቱነት ሊያስረዳ ሞከረ። ሌላው ዳኛ አራጎ ግን 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት የብረት ዝርግ ፈትኖ ነጥቡን በዓይኑ አየ፤ ተቃዋሚውም ሳይወድ ምስክር ሆነና በ1819 ሽልማቱ ለፍሬኔል ተሰጠ።

ብርሃን እንዲህ የጋራጅ ነገርን ጠርዝ አልፎ ሲጎብጥ፣ ለጋራጁ የሚቀርበውና በፍሬኔል ስም የሚጠራው የቅርቡ ክልል ተአምረኛ ነው። የሞገድ ርዝመቱ የሚሊ ሜትር 2000ኛ እጅ የሆነ ባለ አንድ ቀለም ብርሃን፣ ከሩቅ ምንጭ ትይዩ ሆኖ መጥቶ ራዲየሱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ቀዳዳ ሲያልፍ፣ በ1 ሜትር ርቀት በተዘረጋ ነጭ መጋረጃ ላይ የብርሃኑ እምብርት ጽልመት ይሆናል፤ መጋረጃው ወደ 2 ሜትር ቢሸሽ ግን ያው እምብርት፣ ቀዳዳው የተበሳበት ግርዶሽ ጨርሶ ባይኖር ኖሮ ከሚያገኘው ብርሃን 4 እጥፍ ይደምቃል።

መጋረጃው ከዚህም እጅግ ሲርቅ መለዋወጡ ያከትምና፣ በባቫርያዊው የመነጽር ጠቢብ በፍራውንሆፈር ስም የሚጠራው የሩቁ ክልል ይጀምራል፤ በዚያም ሥዕሉ ከርቀቱ ጋር ይሰፋል እንጂ መልኩን አይለውጥም፤ ያን ያህል መንገድ መሄድ ለማይሻም ሰው ሰብሳቢ ሌንስ ያንኑ ሥዕል አቅርቦ ያሳየዋል።