ኮዳችሁ የት ይቀመጥ? ለአሰላ ሶፍትዌር ሠሪዎች

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደ። ያን ጊዜ አሰላ ሆኖ ሶፍትዌር የሚሠራና ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ባለው በጊትሃብ ብቻ የሚለዋወጥ ቡድን ቢኖር፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ባልደረቦች እንኳ በለመዱት መንገድ ሥራቸውን ማገናኘት አይችሉም ነበር። ሰርቨር ስትመርጡ መጀመሪያ ልታስቡበት የሚገባው ይህን ነው።

ጊት ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ሥራ የጻፈው ፕሮግራም ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ይመዘግባል። እንደ ሰብቨርዥን ያሉት ቀደምቶቹ ሙሉውን ታሪክ የሚይዙት በማዕከላዊው ሰርቨር ላይ ነበር። በጊት ግን የፕሮጀክቱ ታሪክ በእያንዳንዱ ባልደረባ ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ኮሚት ማድረግ አይቋረጥም። ሰርቨሩ የሚያስፈልገው የሁሉንም ሥራ አንድ ቦታ ለማገናኘት ነው።

ለብቻው ለሚሠራና ለተማሪ ጊትሃብ ይበቃል፤ ነፃ ነው፣ ሥራንም ለቀጣሪ ያሳያል። አንድ ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ቡድን ግን ምክሬ በራስ ማሽን ላይ የሚጫነው ፎርጄዮ ነው። ጊትላብ ብዙ ሥራ ይችላል፤ ነገር ግን ራም ይበላል፣ ከ8 ጊጋባይት በታች ባለው ማሽን ላይ አልሞክረውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጊቲ ከተባለው ፕሮግራም የተገነጠለው ፎርጄዮ ለጥቂት ሰዎች በ1 ጊጋባይት ራም ይሠራል፤ አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃዋል።

በዴስክቶፑ ላይ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ፣ ከዚያም ፎርጄዮን ጫኑ፤ ራውተሩ ላይም ቋሚ የውስጥ አይፒ አድራሻ ስጡት። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ቢሆን ለትንሽ ቡድን በቂ ነው። የፎርጄዮ ገጽ በብራውዘር በፖርት 3000 ይከፈታል። የአስተዳዳሪውን አካውንት ራሳችሁ ከፍታችሁ፣ ማንም ሰው መመዝገብ እንዳይችል ምዝገባውን ወዲያው ዝጉ። ዩፒኤስ ግዙለት፤ ባዮስ ውስጥም መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ አስተካክሉ። ይህ ትንሽ የምትመስል ማስተካከያ ማለዳ ቢሮ ከፍቶ ቁልፍ የሚጫን ሰው ከመጠበቅ ታድናችኋለች።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ግን ለይለፍ ቃልና ለደንበኞች መረጃ ነው። የዳታቤዝ ይለፍ ቃል አንዴ ኮሚት ከተደረገ፣ በማግስቱ ከፋይሉ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ ማከማቻውን የሚያገኝ ሁሉ ያነበዋል። እንዲህ ከሆነ ይለፍ ቃሉን ከነጭራሹ ቀይሩት። የሆስፒታል ወይም የማኅበር አባላትን ዝርዝር ለሙከራ ብላችሁ ከኮዱ ጋር አታስቀምጡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕግ ባይኖርም እንኳ በእምነት የተሰጠ የሰው ምስጢር ነው።

በቢሮ ያለ አንድ ማሽን ሊሰረቅ፣ በክረምት መብረቅም ሊቃጠል ይችላል። ፎርጄዮ ፑሽ በተደረገ ቁጥር ቅጂውን ወደ ጊትሃብ የግል ማከማቻ እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው በቢሮው ኔትወርክ ይቀጥላል፣ ሲመለስ ቅጂው ይደርሳል። ይህ ግን የሚልከው ኮዱን ነው። አካውንቶቹንና በገጹ ላይ የተጻፉትን ውይይቶች ለብቻቸው ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡ፤ ዲስኩን ከቢሮው ውጭ አኑሩ፤ በየወሩም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ በመክፈት መሥራቱን አረጋግጡ።