በአውራ ጣት ስር ያለው ቁልፍ

ከጀልባ ጀርባ የሚታሰሩ ትልልቅ ሞተሮች ማርሽ ማስገቢያውና ነዳጅ መስጫው በአንድ እጀታ ነው። በእጀታው ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫን ትንሽ ቁልፍ አለ። ብዙ ጀልባ ነጂዎች ይህን ቁልፍ የሚነኩት ከዳር ሲነሱ ሞተሩን ለማውረድና ዳር ሲደርሱ ለማንሳት ብቻ ነው። የቁልፉ ትልቁ ጥቅም ግን ያለው በመሃሉ ነው፤ ጀልባው እየሮጠ ሳለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁልፉ ሲጫን አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከባትሪው ኃይል ወስዶ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ያዞራል። የፓምፑ ዘይት የሲሊንደሮቹን ዘንግ ወደ ውጭ ይገፋና ሞተሩን ከጀልባው ያርቀዋል፤ ፓምፑ በተቃራኒው ሲዞር ደግሞ ይመልሰዋል። ብዙዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ሁለት አጫጭርና አንድ ረጅም ሲሊንደር አላቸው። የመጀመሪያዎቹ 20 ዲግሪ ገደማ ለጉዞ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ይህ ትሪም ይባላል። ከዚያ በላይ ያለው፣ ፕሮፔለሩን ከውሃ እስከሚያወጣው ድረስ፣ ቲልት ነው። ትንንሾቹ ሞተሮች ይህ ሁሉ የላቸውም፤ በማሰሪያው ብረት ቀዳዳዎች ውስጥ በሚገባ አንድ ዘንግ ይስተካከላሉ፤ ለመለወጥም ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል።

እነዚያ 20 ዲግሪዎች ምን ያደርጋሉ? ሞተሩ ወደ ጀልባው ሲጠጋ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ኋላና ትንሽ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ስለዚህ የጀልባው ኋላ ይነሳል፣ አፍንጫው ይወርዳል። ሞተሩ ሲርቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኋላው ይጫናል፣ አፍንጫው ይነሳል። ገበሬ እርፉን ይዞ እንደ መሬቱ ጥንካሬ ማረሻውን ጠለቅ ወይም ቀለል እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ነጂውም ጀልባው ውሃውን የሚነካበትን መጠን በአውራ ጣቱ ይወስናል።

ሲነሱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ጀልባው መጠጋት አለበት። ሞተሩ ርቆ ሳለ ነዳጅ የሚሰጥ ነጂ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል፤ ፊቱ ያለውንም ማየት አይችልም። በጣና ሐይቅ ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው። የደንገል ታንኳ ከውሃው እምብዛም ከፍ አይልም፤ በላዩ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ከተሰቀለ አፍንጫ ጀርባ ጨርሶ አይታይም። ሞተሩን አስጠግቶ መነሳት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጀልባው ውሃውን መሰንጠቁን ትቶ በላዩ መንሸራተት ሲጀምር ቁልፉ ወደ ላይ ነካ፣ ነካ ይደረጋል። ነዳጅ ሳይጨመር ፍጥነቱ ከፍ ይላል፤ ከውሃው ጋር የሚፋተገው የጀልባ አካል ቀንሷልና። መሪውም ይቀላል። ካለፈ ግን ጀልባው ራሱ ይናገራል፦ አፍንጫው ከፍ ዝቅ እያለ መዝለል ይጀምራል፣ ወይም ፕሮፔለሩ አየር ይስብና የሞተሩ ድምፅ ያይላል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ያኔ ትንሽ መመለስ ነው። ከመጠን በላይ ተጠግቶ መሮጥም የራሱ አደጋ አለው፤ አፍንጫው ውሃውን ይነክሳል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጀልባው በድንገት ወደ ጎን ሊሳብ ይችላል። ከጠባብ መታጠፊያ በፊት ግን ትንሽ ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ፕሮፔለሩ መሃል መታጠፊያ ላይ ውሃውን ይለቃል።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳና ማዕበሉ ከፊት ሲመጣ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ የተሳፋሪን ወገብ ያድናል። ማዕበሉ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ጀልባው ከፊቱ ያለውን ውሃ እንዳይወጋ አፍንጫው ከፍ ይላል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑም ይታሰብ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ጠረፍ የተለካ ጉልበቱ እዚህ አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድላል። ሰው ሞልቶ የተጫነ ጀልባ ለመነሳት የሚለፋው በከፊል በዚህ ነው። መፍትሔው ነዳጁን እስከ መጨረሻው መስጠት ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን ማስጠጋት፣ ተሳፋሪውን ከኋላ ወደ መሃል ማምጣት፣ ካስፈለገም ለከፍታው የሚስማማ ፕሮፔለር ማስገባት ነው።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። ገደቡን የሚወስኑት ግን በሞተሩ የታችኛው ክፍል ጎን ያሉት ትንንሽ የውሃ መግቢያ ቀዳዳዎች ናቸው። እነሱ ከውሃ ከወጡ ማቀዝቀዣው ፓምፕ በባዶ ይዞራል፤ በውስጡ ያለው ከጎማ የተሠራ ክንፍም በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። የእምቦጭ አረም ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ጣጣው ያው ነው። ስለዚህ ዓይን ከሞተሩ ጀርባ በቀጭኑ ከሚረጨው ውሃ ላይ አይነሳ፤ ከተቋረጠ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

ሞተሩ ወደ ላይ አልነሳ ካለ በቅድሚያ ጆሮ ይሰጠዋል። ቁልፉ ሲጫን ቀጭ ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ ተርሚናሉ ዝጓል፣ ወይም ሪሌው አርጅቷል። ፓምፑ እየጮኸ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ዘይት ጎድሏል፤ ወይም የእጅ መልቀቂያው በሚገባ አልተዘጋም። ይህ መልቀቂያ በማሰሪያው ብረት ጎን ያለ ብሎን ነው፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ሲላላ ሞተሩን በእጅ ማንሳትና ማውረድ ይቻላል። ብሎኑን የሚፈታ ሰው ግን አስቀድሞ ሞተሩን የሚይዝለት ሰው ይፈልግ፤ ተነስቶ የነበረ ከባድ ሞተር በአንዴ ይወርዳል። ዘይቱ የሚታየው ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተነስቶ፣ መደገፊያ ብረቱ ገብቶ ነው። መልኩ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የሲሊንደሩ ጎማ መቀየር አለበት። ጀልባው በሚያድርበት ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው ይኸው መደገፊያ፣ በመኪና ሲጎተት ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ሌላ ድጋፍ እንጂ የሃይድሮሊኩ ዘይት መሆን የለበትም።