በድንን ለትምህርት መናዘዝ
በእንግሊዝ አገር እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሐኪሞች ትምህርት በሕግ የሚሰጠው ከሞላ ጐደል በነፍስ ገዳይነት ተፈርዶበት የተሰቀለ ሰው በድን ብቻ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ የሬሳን መቀደድ ከሞት በኋላ የሚከተል ሁለተኛ ቅጣት አድርጎ ይቈጥረው ነበር፤ ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ የሚያደርግ ምእመን ይህን ቢጸየፍ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚነቀፍ አይደለም። የበድን እጥረት ግን መቃብር አስቈፈረ፤ በ1828ም በስኮትላንዷ ኤዲንብራ ቡርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰዎች ገድለው ሬሳቸውን ለአንድ የአናቶሚ መምህር ሸጡ።

ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም በሰኔ 1832 ሲያርፍ በድኑ ለትምህርት እንዲውል ተናዝዞ ነበርና፣ ወዳጁ ሐኪም ሳውዝውድ ስሚዝ ውጭ ነጐድጓድ እያስገመገመ፣ ፊቱ እንደ ሟቹ ገርጥቶ፣ በተሰበሰቡት ፊት ኑዛዜውን ፈጸመ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ግን የሚጠይቃቸው ዘመድ ያልነበራቸውን የድኾች መጠለያ ሟቾች፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ፣ ለትምህርት ቤቶች አሳልፎ ሰጠ።