ያገለገለ የጭነት መኪና ኃይል ሲያጣ፤ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው ወይስ የሞተር?

በአቃቂ በሰቃና በቃሊቲ የሚገኙ ፋብሪካዎች፥ የእህል መጋዘኖችና የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ሸቀጣቸውን ከሚያመላልሱባቸው ተሽከርካሪዎች መካከል ብዙዎቹ አይሱዙ ኤን ፒ አርን የመሳሰሉ መካከለኛ የጭነት መኪናዎች ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ አገር ለማስገባት የሚከፈለውን ታክስ እጅግ ከፍ ስላደረገው፥ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ያገለገለ መኪና ሲገዛ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የንግዱ ዋና ገንዘብ ነው፤ መኪናው በገዛው በሳምንቱ ቢቆምበት ንግዱም አብሮ ይቆማል።

ከእንደዚህ ያሉ ገዢዎች ዘወትር የሚሰማው አቤቱታ «መኪናው ጉልበት የለውም» የሚል ነው። ይህ አንድ አቤቱታ ግን ሦስት ልዩ ልዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል። አንደኛው፥ ሞተሩ ራሱ ኃይል ሳያመነጭ ሲቀር፤ ሁለተኛው፥ ሞተሩ ያመነጨው ኃይል በፍሪሲዮኑ ላይ ጠፍቶ ወደ ጎማ ሳይደርስ ሲቀር፤ ሦስተኛውም፥ ኃይሉ ከጎማ ደርሶ ሳለ ሌላ ነገር መኪናውን ወደ ኋላ ሲይዘው ነው። እነዚህን ሳይለዩ ካምቢዮ ማውረድ ወይም የናፍጣ ፖምፓ መፍታት ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» እንዳሉት ምርመራው ከሥሩ መጀመር ይገባዋል።

የፍሪሲዮን ሥራ

ፍሪሲዮን የሞተሩን ዙር ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፍ፥ ነጂውም ማርሽ ሲለውጥ ለጊዜው የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው። በሁለቱም ፊቱ ሸራ የተለበጠበት ዲስክ፥ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ፥ ማለት በቮላኖው፥ እና በሞላ ኃይል በሚገፋው የብረት ሳሕን መካከል ተጣብቆ ይዞራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሳሕኑ ይላቀቃል፤ ሲለቀቅ እንደገና ይጨብጣል። እንግዲህ ሸራው ካለቀ፥ ዘይት ከነካው ወይም ሞላው ከደከመ፥ ዲስኩ በመካከላቸው ይንሸራተታል። ሞተሩ የሚያመነጨው ኃይልም መኪናውን በመግፋት ፈንታ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱን የሚለየው ምልክት

መለያው ቀላል ነው፤ አንዳችም ወጪ አያስከትልም። መኪናው ጭነት ይዞ፥ ለምሳሌ ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚያወጣው መንገድ፥ በከፍተኛ ማርሽ ሲሄድ ነዳጅ ይሰጠውና የሞተሩ ድምፅ ይደመጥ። የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ የመኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው፤ ከዚህም ጋር የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት አብረው ከወረዱ ግን ፍሪሲዮኑ ጨብጧል፤ ስለዚህ ምክንያቱ በሞተሩ ወይም መኪናውን በሚይዘው ነገር ዘንድ ይፈለግ።

ይህንኑ መኪናው ቆሞ ሳለ ማረጋገጥ ይቻላል። ሜዳ ላይ፥ ከፊት ለፊት ሰው በሌለበት ስፍራ፥ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈውና የእጅ ፍሬን ተይዞ፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ፔዳሉ ይረገጥና አራተኛ ማርሽ ይግባ። ከዚያም ጥቂት ነዳጅ እየተሰጠ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ይለቀቅ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞር ከሆነ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ፈተናው ሸራውን ስለሚያሞቀው መደጋገም አይገባም።

ፍሪሲዮን ከመለወጡ በፊት

ፍሪሲዮኑ ተንሸራቷል ተብሎ ወዲያው ዲስክ አይገዛም። አስቀድሞ የፔዳሉ ልልነት ይታይ፤ ፔዳሉ ከላይ ጥቂት ልል ካልሆነ ፍሪሲዮኑ ዘወትር በከፊል እንደ ተረገጠ ይሆናልና፥ መንሸራተቱ በማስተካከል ብቻ ሊድን ይችላል። እግሩን ከፔዳሉ ላይ የማያነሣ ነጂም ይህንኑ ጉዳት ያደርሳል።

ማርሽ ሲገባ የሚጮህ፥ ፔዳሉም ደጋግሞ ካልተረገጠ የማይላቀቅ ከሆነ፥ ይህ የመንሸራተት ተቃራኒ ነው፤ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ብሏል ማለት ነው። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ፖምፓ ዘይት መፍሰሱ፥ ወይም በቧንቧው ውስጥ አየር መግባቱ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ደግሞ የመልቀቂያውን ኩሽኔታ ማርጀት ያመለክታል።

ካምቢዮው የግድ ከወረደ ዲስኩ ዘይት ነክቶት እንደ ሆነ ይመርመር። ዘይት ካለበት፥ ከሞተሩ ኋላ ወይም ከካምቢዮው ፊት ያለው የዘይት ማገጃ ጎሚኒ አልቋል። እርሱን ሳይለውጡ አዲስ ዲስክ መግጠም፥ አዲሱንም ዲስክ ለዚያው ዘይት አሳልፎ መስጠት ነው። ቮላኖው በሙቀት ከሰመጠ ወይም ከተሰነጠቀም በቶርኖ ሳይስተካከል ወይም ሳይለወጥ መዝጋት ሁለተኛ የጉልበት ዋጋ ያስከፍላል።

ጥፋቱ የሞተር ሲሆን

በዚህ ጊዜ ጭሱ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው የሚበቃውን አየር አለማግኘቱን ያሳያልና፥ የአየር ፊልትሮው መጀመሪያ ይታይ፤ ቀጥሎ የቱርቦው ጎማ ቧንቧዎች መሰንጠቃቸው፥ ከዚያም የናፍጣ መርጫዎቹ ይመርመሩ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ይናገራል፤ የፒስቶን ፋሻዎች ወይም ቱርቦው አርጅተው ይሆናል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ፥ ናፍጣው በደንብ እንደማይቃጠል ወይም የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። ጭስ ሳይኖር ኃይል ከጠፋ ደግሞ ናፍጣ አይደርሰውም፤ የናፍጣ ፊልትሮው ተዘግቶ ወይም ውኃ አጠራቅሞ፥ አለዚያም የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሳይከፍት ቀርቶ ይሆናል።

የአገራችንም ከፍታ መዘንጋት የለበትም። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከዚሁ ጋር የተመጣጠነ ኃይል ያጣል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነውና፥ እንዲህ ያለውን መኪና የናፍጣውን መጠን በመጨመር ለማበርታት መሞከር ጥቁር ጭስንና ሙቀትን ብቻ ያበዛል።

ሞተሩም ፍሪሲዮኑም ጤነኞች ሆነው መኪናው ከከበደ፥ ጥቂት መንገድ ፍሬን ሳይያዝ ከተነዳ በኋላ እጅን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አቅርቦ ሙቀቱን ማመዛዘን ነው። ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው ጎማ ፍሬኑ አልለቀቀም። እጅ እንዳይቃጠል ብረቱን መንካት አይገባም።

ጉዳዩ የሕይወትም ነው

የተንሸራተተ ፍሪሲዮን ያለው መኪና በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ሊያገለግል ይችላል። ከጎጃም ጤፍ ለማምጣት በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወዳለው የዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ነጂው ፍሬኑን ከማቃጠል የሚድነው ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት በማድረግ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በሚገባ ካልጨበጠ ይህ እርዳታ ያንሳል ወይም ይጠፋል። በአቀበቱ ላይም የጫነ መኪና ከነጭነቱ መንገድ ዘግቶ ይቆማል።

ለገዢና ለሻጭ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንደ ተቻለው በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መኪናውን ባዶውን ብቻ ሳይሆን ጭነት አስጭኖ አቀበት ላይ ይፈትን፤ ሞተሩም ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ይመልከት፤ አስቀድሞ ሞቆ የሚቀርብ ሞተር የጠዋት ጭሱን ይደብቃልና። የተገኘውን ጉድለትና ሻጩ የሰጠውን ቃል በውሉ ላይ ማስፈር ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ሻጭም ቢሆን የመኪናውን ጉድለት አስቀድሞ ገልጦ ዋጋውን በዚያው ልክ ቢቀንስ ከክርክር ይድናል፤ በገበያም ስሙ ይከበራል።